አውራ ጣቱ የሸፈነው አሃዝ

የቀዶ ሕክምናውን ክፍል በር የምትጠብቀው ሴት የጨነቀው ሰው ማየት ብርቋ አይደለም፤ አንዱ ይጸልያል፣ አንዱ ይንጎራደዳል። ይሄ ሰውዬ ግን ያካፍላል። ቆሌው ተገፎ፣ የሸሚዙን ቁልፎች አዛንፎ ቆልፎ፣ የሴት ልጁ ካርድ ላይ ያለውን ረጅም ቁጥር እያየ ያጉተመትማል።

«በሰባት እምቢ አለ። በአስራ አንድም እምቢ።»

«ምንድን ነው እሱ፣ ጋሼ?» አለችው።

«ከልጄ ጋር የምንጫወተው ነው። የመኪና ታርጋ እናይና፣ ቁጥሩን ያለ ቀሪ የሚያካፍለውን ቀድሞ ያገኘ ያሸንፋል። ከዚያ ጨዋታው አበቃ።»

ከውስጥ የሩጫ ኮቴ ተሰማ። ሰውዬው ሲደነግጥ ካርዱ ከእጁ ወደቀ። ጥበቃዋ አነሳችለት፤ 70419235 ይላል። እስካሁን በአውራ ጣቱ ሸፍኖት የነበረው የመጨረሻው አሃዝ አምስት ነው።

«ውይ ጋሼ፣ በአምስት ይካፈላል እኮ! ይሄንንማ ሕፃንም አያጣውም።»

ካርዱን ተቀብሎ አውራ ጣቱን እዚያው መለሰው።

«አያጣውም» አለ። «ለእሷ ነው የተውኩላት።»

በሩ ተከፈተ። ሐኪሙ ጭንብሉን እያወለቀ ብቅ አለ። ሰውዬው ግን ቀና ማለት ፈራ።

«በአስራ ሦስት...» አለ፣ ጣቱን ጠበቅ አድርጎ።