ግማሽ የቀረ ራስ

የመጡብኝ የአንድ ሰው ራስ እያስተካከልኩ ግማሽ ላይ ሳለሁ ነው። አራዳ ወዳለችው ጸጉር ቤቴ ሁለት ሰዎች ገቡ። አንዱ ሙዚቃውን አጠፋ፤ ሌላው "ማሽኑን አስቀምጥ" አለኝ። አስቀመጥኩ። የደንበኛዬ ራስ በቀኝ በኩል ተስተካክሏል፤ ግራው ገና አልተነካም። ጨርቁ አንገቱ ላይ እንደታሰረ በመስታወቱ ውስጥ አየኝ፤ እኔም አየሁት። ማን እንደጨረሰው እስከ ዛሬ አላውቅም።

የወሰዱኝ ድሮ የእህል መጋዘን ወደነበረ ቤት ነው። መርማሪው ደጋግሞ የጠየቀኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር። "ሱቅህ ውስጥ ምን ይወራል?"

"አላውቅም" አልኩት። አላመነኝም፤ እኔም በእሱ ቦታ ብሆን አላምንም። እውነቱ ግን ይኸው ነው። አስራ አንድ ዓመት ሙሉ ሙዚቃዬን ከፍቼ፣ ዓይኔን ማሽኑ ላይ ተክዬ፣ አንዱን ሳስቀምጥ ሌላውን ሳስነሳ ኖርኩ እንጂ ማን ምን እንዳለ ሰምቼ አላውቅም። ሥራው ሰልችቶኝ ነበር። የተያዝኩትም ወንበሮቹን ሸጬ ባጃጅ ለመግዛት በማስብበት ሰሞን ነው።

ያስገቡኝ ክፍል የቆየ እህልና የላብ ሽታ ነበረው። ከጣሪያው ሥር አንዲት ጠባብ መስኮት አለች። በእሷ የሚገባው ብርሃን ግድግዳው ሥር አንድ ቦታ ላይ ያርፋል፤ በገባሁ ዕለት እዚያ ብርሃን ላይ አንድ ሰው የተገለበጠ ጀሪካን ላይ ተቀምጦ አየሁ። አንድ ሽማግሌ ጸጉሩን ይቆርጡለታል።

"ሥራህ ምንድር ነው?" አለኝ ቦታ የለቀቀልኝ ሰው።

"ነጋዴ ነኝ" አልኩ። ለምን እንደዋሸሁ አውቃለሁ፤ በሙያዬ አፍር ነበር። ከዚያ በኋላ ቃሌን ማጠፍ አልቻልኩም።

ሽማግሌው የአምባ ጊዮርጊስ ሰው ናቸው። ክፍሉ በሙሉ "አያ" ነው የሚላቸው። በአገራቸው በገበያ ቀን ዛፍ ሥር ተቀምጠው ሲቆርጡ ነው የኖሩት። እዚህ ያላቸው ጥርሱ የረገፈ ማበጠሪያና ጠዋት ከጥበቃው ተቀብለው ማታ የሚመልሱት ትንሽ መቀስ ነው፤ ጥበቃዎቹም ደንበኞቻቸው ስለሆኑ አይከለክሏቸውም። መጀመሪያ ከራሳቸው ኩባያ ውሃ ጠብ አድርገው የሰውየውን ራስ ያርሳሉ። ሲጨርሱ ጎንበስ ብለው የወደቀውን ጸጉር በእጃቸው ይለቅማሉ፣ በወረቀት ይጠቀልላሉ፣ ለባለቤቱ ይሰጣሉ። በገጠር የሰው ጸጉር የትም አይጣልም። ይረገጣል፣ ክፉ ሰው አንስቶ መተት ይሠራበታል ይባላል። ሲሰጡም ሁልጊዜ አንድ ቃል አላቸው።

"እንካ፤ እዚህ የሚቀር ነገር የለህም።"

ይህን ሲሰማ ዓይኑ እንባ ያላቀረረ ሰው አላየሁም። እኔ ግን የማየው ማጅራቱን ነበር። ከኋላ በኩል ሥራቸው ደረጃ ደረጃ ነበር፤ ጸጉሩ እኩል አይወርድም። መስታወት ስለሌለ ተስተካካዩ ራሱን ዳብሶ "እንዴት ነው?" ይላል፤ ሃያ ምናምን ሰው ባንድ አፍ "ሸጋ ነው!" ይለዋል። "አላዋቂ ሳሚ ንፍጥ ይለቀልቃል" እያልኩ በልቤ እሳደባለሁ።

በእርግጥ ያንገበገበኝ ደረጃው አልነበረም። ለመርማሪ አፋቸውን ያልከፈቱ ሰዎች እዚያች ጀሪካን ላይ ሲቀመጡ ስለ በሬያቸው፣ ስለ ሚስታቸው፣ ስለ ፍርሃታቸው ያወራሉ። እሳቸው "እህ" ይላሉ፤ መቀሱን ያንቀሳቅሳሉ። ለእኔ በአስራ አንድ ዓመት አንድ ሰው የልጁን ስም እንኳ አልነገረኝም። ሌሊት የእኔ እጅ ይሻላል እያልኩ፣ ቀን ደግሞ ስህተታቸውን እየቆጠርኩ ከረምኩ።

አንድ ጠዋት የቆረጡት ጸጉር እኔ ወደተቀመጥኩበት ተንሸራቶ መጣ። በእግሬ ገፋ አደረግሁት። በሱቄ ሁልጊዜ የማደርገው ነው።

"የሰው ጸጉር እኮ ነው" አለ አንዱ።

አያ መጥተው ከእግሬ ሥር ለቀሙት።

ከዚያ በኋላ የመጣው የመምህሩ ቀን ነው። መምህሩ ከእኛው ጋር የታሰረ የጠዳ ልጅ ነበር። ከተያዘ ወራት አልፎታል፤ በአገሩ ሞቷል ተብሎ ተለቅሷል። በማግስቱ ፍርድ ቤት ይቀርባል፤ መኖሩን የሰማችው እናቱም ልታየው ትመጣለች። ጸጉሩና ጺሙ ተያይዞ ፊቱ የጠፋ ሰው ነበር።

"አያ" አለ ጀሪካኑ ላይ ተቀምጦ፤ "እናቴ የምታውቀኝ አድርገኝ።"

"እሽ ልጄ" አሉና ጀመሩ። ቀኙን ጨረሱ። ወደ ግራ ሲዞሩ እጃቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ። በዋዜማው ለምርመራ ተወስደው ሲመለሱ የእጃቸው አንጓ አብጦ ነበር። መቀሱን በሁለት እጃቸው ያዙት። አልሆነም፤ ወደቀ።

"ምነው አያ?" አለ መምህሩ ሳይዞር።

"ቆይ ልጄ።"

ያንን ራስ አየሁት። ቀኙ ያለቀ፣ ግራው ያልተነካ። መጀመሪያ የተሰማኝ ደስታ ነው፤ አፍሬ ነው የምናገረው። እንግዲህ አልቻሉም አልኩ በልቤ። ከዚያ አያ ወደ እኔ ዞሩ።

"አንተ ነጋዴው፣ ና ጨርስለት።"

"እኔ ምን አውቃለሁ?"

"ነጋዴ ኪስ ነው የሚያይ። አንተ ከገባህ ጀምረህ የሰው ማጅራት ስታይ ነው የምትውል" አሉ። ሰዉ ሳቀ። እሳቸው አልሳቁም። "የኔን ሥራ ስትነቅፍም አይቻለሁ። ልክ ነህ፤ ለኋላው ዓይኔ አይደርስም። ና አስተካክለው።"

ተነሳሁ። ለዓመታት በማሽን ብቻ ስለሠራሁ መቀሱ እጄ ላይ እንግዳ ሆነብኝ። የመጀመሪያው ቆረጣዬ ስቶ የመምህሩን ጆሮ ነካ፤ ሰውየው ደነገጠ። "ቀስ በል፤ የሚያባርርህ የለም" አሉ አያ ከጎኔ።

ሙዚቃ አልነበረም። የሚሰማው መቀሱ ብቻ ነው። ትንሽ ቆይቶ መምህሩ ማውራት ጀመረ። ልጅ ሳለ እናቱ ቁንጮ አስቀርታ ትላጨው እንደነበር፣ ሲያለቅስ በጉልበቷ አጣብቃ እንደምትይዘው ነገረኝ። "ነገም መጀመሪያ የምትነካው ራሴን ነው" አለ። "እህ" አልኩ። ከእጄ በታች ያለ ሰው ሲናገር ያዳመጥኩት ያን ቀን ነው።

ግራውን ጨርሼ የኋላውን ደረጃ አጠፋሁ። አያ ዞረው አዩት።

"ሸጋ እጅ አለህ። ምነው ደበቅኸው?"

"አፍሬበት ነው" አልኩ።

ከዚያ ተንበረከክሁ። እኔ የቆረጥኩትን፣ እሳቸውም የቆረጡትን፣ ሲሚንቶው ላይ የተጣበቀውን ሳይቀር በጣቴ ለቀምኩ። ጊዜ ወሰደብኝ፤ ማንም አላቻኮለኝም። በወረቀት ጠቅልዬ በሁለት እጄ ሰጠሁት።

"እንካ፤ እዚህ የሚቀር ነገር የለህም።"

መምህሩ ወረቀቱን ደረት ኪሱ ከተተ። ተነስቶ እኔን አልፎ ሄዶ የአያን ጉልበት ሳመ። እኔን ያመሰገነኝ ኋላ ነው። ቅናቴ ያን ጊዜም አልለቀቀኝም።

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ሲመለስ ከበብነው። "ራሴን ዳበሰችና 'ማነው እንዲህ ያሳመረህ?' አለችኝ" አለ። "ሁለት ሰዎች ናቸው አልኳት።"

ብዙም ሳይቆይ አያን ወደ ሌላ ቦታ አዛወሯቸው። የት እንደሆነ የነገረን የለም። እስክፈታ ድረስ ጀሪካኑ አጠገብ የቆምኩት እኔ ነኝ።

ወንበሮቹን አልሸጥኩም። አሁን ሙዚቃ አልከፍትም። ደንበኞቼ ስለ ልጆቻቸው ይነግሩኛል፤ ጸጉራቸውንም ለቅሜ እሰጣቸዋለሁ። ወጣቶቹ ይስቁና መንገድ ላይ ይጥሉታል፤ ገጠሬዎቹ ኪሳቸው ይከቱታል። በዚህ ሥራ ምን አጸናህ የሚለኝ ሰው አለ። ፍቅር ነው ብል ደስ ይለኝ ነበር። እውነቱን ለመናገር በየጠዋቱ በሬን የምከፍተው እኒያን ሽማግሌ አንድ ቀን እንኳ ልበልጣቸው ብዬ ነው።

በቅርቡ አንድ የወገራ ገበሬ ገባ። ጨርሼ ወረቀቱን ስሰጠው "እንካ፤ እዚህ የሚቀር ነገር የለህም" አልኩት።

ቀና ብሎ አየኝ። "ይችን ቃል ከማን ሰማሃት? አምባ ጊዮርጊስ በገበያ ቀን የሚቆርጠን አያ ነው እንዲህ የሚል።"

የወንበሩን ጀርባ ያዝኩ። "በሕይወት አሉ?"

"ምን ይሆናል? አለ እንጅ። እጁ ይንቀጠቀጣል፤ ኋላውንም ደረጃ ደረጃ ያደርገዋል። ሰዉ ግን እሱን ትቶ ሌላ ጋ አይቀመጥም።" ማጅራቱን በመዳፉ ዳበሰ። "ያንተም ሸጋ ነው። የሱን ያህል ግን አይሆንም።"

"አይሆንም" አልኩት።

ከሄደ በኋላ ደንበኛ የሚቀመጥበት ወንበር ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። በሕይወት አሉ። ዛፋቸው ሥር ናቸው። የሚቀጥለው ሰው በሩ ላይ ሲቆም ዓይኔን ጠርጌ ተነሳሁ፤ ገና እየቀናሁ ነበር።