ላሟን ዝም ያሰኘሁ ቀን

በቴሌቪዥን ድራማ ሥራ የጀመርኩ ቀን የተሰጠኝ ኃላፊነት ለድምፅ ባለሙያው ገመድ መሸከም ነበር። የምንቀርፀው መካኒሳ፣ በተከራየነው ግቢ ውስጥ ነው። ተዋናይዋ እጮኛዋን "አልፈልግህም" ልትለው አፏን በከፈተች ቁጥር ከአጥሩ ማዶ አንዲት ላም "እምቧ!" ትላለች። አምስት ጊዜ ደገምነው። በስድስተኛው ተዋናይዋ ራሷ በሳቅ ፈነዳች፤ ዳይሬክተሩ ግን ጭንቅላቱን ይዞ ተቀመጠ።

"እኔ ሄጄ ልጠይቃቸው?" አልኩ እየፈራሁ።

ጎረቤታችን ሰፈሩ ከተማ ከመሆኑ በፊት ጀምሮ እዚያው የኖሩ ሽማግሌ ገበሬ ናቸው። በኦሮምኛ ሰላም ስላቸው ፊታቸው በራ።

"አባባ፣ ላሟ ምን ሆና ነው?"

"ጥጃዋን አስሬባት ነዋ፣ ልጄ። እናት አይደለች? ምን ታድርግ!"

"ለግማሽ ሰዓት ብቻ ቢፈቱላት?"

እየሳቁ ፈቱላት። ላሟ ጥጃዋን እየላሰች ጸጥ አለች። እኛም "አልፈልግህም"ን በአንድ ጊዜ ቀረፅነው።

ዳይሬክተሩ ወደ እኔ ዞረ። "ከነገ ጀምሮ ማይክ የምትይዢው አንቺ ነሽ" አለኝ።

ሀና ማርያም ወዳለው ቤቴ ስመለስ ታክሲ ውስጥ ብቻዬን እስቅ ነበር። አጠገቤ የተቀመጡት ሴትዮ "ምን ተገኘ?" አሉኝ።

"ሥራ!" አልኳቸው።