ከጀርባ የተነሣ ፎቶግራፍ

ራኬብ ተክለወልድ ጅቡቲ ተወልዳ፣ ጅቡቲ አድጋ፣ የጅቡቲን ሴቶች ጠጉር ስትሠራ የኖረች ሴት ናት። አባቷ የባቡር ሠራተኛ ነበሩ። እሳቸው ሲያርፉ የቤቱ ኑሮ በእጇ ላይ ወደቀ፤ እጇ ደግሞ ከሹሩባ በቀር ሌላ ሙያ አልለመደም ነበር። ወደቡ በኢትዮጵያ ዕቃ መጨናነቅ በጀመረበት በዚያ ዘመን፣ ሚዶዋንና ቅባቷን በጨርቅ ቦርሳ ይዛ ካርቲየ 3 በሚባለው ሰፈር ውስጥ ከቤት ቤት መዞር ጀመረች።

ያን ጊዜ ማስታወቂያው የሰው አፍ ነበር። አንዲት ሴት ተሠርታ፣ ሻሿን አስራ ሰርግ ትሄዳለች። ሴቶች ብቻቸውን በተቀመጡበት ክፍል ሻሹ ይወልቃል። «ማን ሠራሽ?» ይባላል። በማግስቱ የራኬብ በር ይንኳኳል። ሥራው ቀስ እያለ ነበር የሚሰፋው፤ ግን ይሰፋ ነበር።

መጀመሪያ ደጃቸውን የከፈቱላት ወይዘሮ ጀዋሪያ ናቸው። ራኬብ እንደ አገሩ ልማድ «ሀበርያር» ትላቸዋለች፤ በሶማልኛ አክስቴ እንደ ማለት ነው። ልጃቸው ሁዳ በዚያን ጊዜ ገና ዳዴ ከማለት የወጣች፣ አንድ ቦታ የማትረጋ ሕፃን ነበረች። ማጅራቷ ላይ፣ ከጠጉሯ ሥር፣ የፈላ ዘይት የጣለባት ጠባሳ አለ። ቆዳው ሲጎተት ስለሚያማት ራኬብ ሹሩባውን በላዩ አታሳልፍም፤ መስመሩን ጠምዝዛ ዙሪያውን ታስኬደዋለች። ልጅቷ ስታድግ መስመሩም አብሮ አማረ። ያን ጠምዛዛ መስመር ሌላ ማንም ሠሪ አልቻለበትም።

ዓመታት አለፉና ስልክ የማይዝ ሰው ጠፋ። አንድ ዓርብ ከቀትር በኋላ ደብሪቱ መጣች። ደብሪቱ ፕላቶ ዱ ሰርፓን በሚባለው ሰፈር ከፈረንጆች ቤት ተቀጥራ የምትኖር፣ ዓርብን ብቻ የምታርፍ ወዳጇ ናት። እመቤቷ የሰጠቻትን አሮጌ ስልክ ከጡት መያዣዋ አወጣች።

«እትዬ ራኬብ፣ እስከ መቼ ነው ቦርሳ አንጠልጥለሽ ደጅ የምትጠኚው? ዓለም እዚህ ውስጥ ገብቷል እኮ!»

«ዓለም እዚያ ውስጥ ከገባ አንቺ ምነው ውጭ ቀረሽ?»

«ቀልጂ! እኔ እኮ ላስገባሽ ነው የመጣሁት።»

አስገባቻትም። ፌስቡክ ላይ «ራኬብ ሹሩባ» የሚል ገጽ ከፈተችላት፤ ፎቶ ማንሣትና መለጠፍም አስተማረቻት። ራኬብ በዚህ ነገር ላይ አንድ ሕግ አወጣች፤ የማንም ፊት አይታይም፣ የሚነሣው ከጀርባ ብቻ ነው። «ፊት የሌለው ሰው በማን ይታወቃል?» ትል ነበር፤ በዚህም ልቧ ያርፍ ነበር።

ከዚያ ወዲያ የሆነውን በደስታ ነው የምታስታውሰው። ከከተማው ዳር ከባልባላ ድረስ የማታውቃቸው ሴቶች ይደውሉላት ጀመር። ትልቅ መስተዋት የተሰቀለበት ጠባብ ክፍል ተከራየች። በፀሐይ መንከራተቱ ቀረ። የደከሙ እግሮቿ ዐረፉ፤ ሰዎቹ በእግራቸው ወደ እሷ መጡ።

ሁዳ ልታገባ በተቃረበች ጊዜ ለሙከራ ተሠራች። የራኬብ እጅ እንደዚያን ዕለት ታዝዞላት አያውቅም። መስመሮቹ ከጆሮዋ ግርጌ ተነሥተው፣ ጠባሳውን ከበው፣ መልሰው ይገናኛሉ። ሁዳ አንገቷን ደፍታ ከእጮኛዋ ጋር በስልክ ትጻጻፋለች። ራኬብ ከኋላዋ አነሣቻት፤ ለጠፈችውም።

ፎቶው እንደ እሳት ተያያዘ። ብዙ ሰው ወደደው። ከሥሩ ግን አንዲት የሁዳ የትምህርት ቤት ጓደኛ፣ ክፉ ሳታስብ፣ «ይቺ ሁዳ አይደለችም እንዴ? ያቺ ጠባሳ!» ብላ ጻፈች። የሙሽራው ዘመዶችም አነበቡት።

ወይዘሮ ጀዋሪያ በማግስቱ መጡ። የቀረበላቸው ወንበር ላይ አልተቀመጡም።

«የልጁ እናት ምን ብላ እንደላከችብኝ ታውቂያለሽ? ‹ሌላስ የደበቃችሁን ነገር አለ?› ነው ያለችኝ።»

«ሀበርያር፣ በሞቴ፣ ፊቷን እኮ አላሳየሁም!»

ወይዘሮ ጀዋሪያ ትክ ብለው አዩዋት። «የልጄን ፊትማ ገበያተኛው ሁሉ ያየዋል። ጠጉሯ ነው የእኛ። ይህን ሁሉ ዓመት ቤቴ ገብተሽ ስትወጪ ይቺን አላወቅሽም?»

 በራኬብ ቤት የሚሸፈነው ፊት ነበር፤ እሳቸው ቤት የሚሸፈነው ጠጉር ነው። ሃያ ዓመት ሊሞላ ምን ቀረው፣ በየሳምንቱ በሩ ተዘግቶ፣ ወንድ ወጥቶ፣ ሻሹ በፊቷ ሲወልቅ ኖሯል፤ እሷ ግን የጠበቀችው መጠበቅ የማያስፈልገውን ነበር።

ዓርብ ደብሪቱ ስትመጣ ፎቶውን አጠፉት። ነገር ግን ከገጹ ቢጠፋም ሌሎች ወስደውት ነበር፤ በየስልኩ ይዞራል።

«ሹሩባ ቢበላሽ ፈትቼ እንደገና እሠራዋለሁ» አለች ራኬብ። «ይህን በምን ልፍታው?»

ሰርጉ እንኳ አልቀረም። ሙሽራው «ጠባሳ የሌለው ሰው አምጡልኝና እሷን ላግባ» ብሎ ዘመዶቹን ዝም አሰኛቸው ተባለ። ሁዳን የሠራቻት ግን ሌላ ሴት ናት። ራኬብ የከበሮውን ድምፅ በሯ ላይ ቆማ ሰማች። ከዚያ ገብታ በገጹ ላይ ያሉትን ፎቶዎች አንድ በአንድ አጠፋቻቸው።

«ጎሽ!» አለች ደብሪቱ ተናዳ። «ሱቁንም አብረሽ ዝጊዋ!»

ሱቁን ባትዘጋውም ገበያው ሳሳ። ባዶ ወንበሩን እያየች ብዙ ታስብ ጀመር። ድሮ ከዚያ ከሴቶቹ ክፍል ወሬው ይወጣ ነበር እንጂ ጠጉሩ አይወጣም ነበር። ወሬውን ይዛ የምትወጣውም ሴት የት አፏን እንደምትከፍት፣ የት ዝም እንደምትል ታውቃለች። ስልኩ ይህን አያውቅም። እንዲያውቅ መጠበቁም ሞኝነት ነው፤ ማወቅ የነበረባት እሷ ናት። ደግሞስ ወደ ቦርሳዋና ወደ ፀሐዩ ልትመለስ ነው? እግሮቿ እንቢ ይሏታል።

በዚህ መካከል አንድ ቀን ሁዳ ራሷ መጣች። ወንበሩ ላይ ቁጭ ብላ ሻሿን ፈታች።

«ገጽሽ ባዶ ሆነ አሉ፣ ሀበርያር።»

«አጠፋሁት ልጄ። ይቅር በይኝ። አሳፈርኩሽ።»

«እናቴ ተቆጣች፣ አማቴ ተቆጣች፣ አንቺ ደግሞ ደንግጠሽ ሁሉንም አጠፋሽ።» ሁዳ በመስተዋቱ ውስጥ አየቻት። «ስትለጥፊው አልጠየቅሽኝም፤ ስታጠፊውም አልጠየቅሽኝም። ጠጉሩ የማን ነው?»

ራኬብ ሚዶውን አነሣች። ወይዘሮ ጀዋሪያ «የእኛ» ብለው ነበር። እሷም በልቧ፣ ሳታውቀው፣ «የእጄ ሥራ» ስትል ኖራለች።

ሠራቻት። መስመሩ እንደ ቀድሞው ጠባሳውን ዞሮ ተገናኘ። ሲያልቅ ስልኳን አነሣች።

«ሁዳ፣ ላንሳሽ?»

ሁዳ በመስተዋቱ አሻግራ አየቻት። ከዚያ ሣቅ አለች።

«አይሆንም።»

«እሺ» አለች ራኬብ። ስልኩን መሳቢያ ውስጥ ከታ፣ ሻሿን በገዛ እጇ አሰረችላት።

ተራዋን ስትጠብቅ የነበረች አንዲት የባልባላ ሴት ወንበሩ ላይ ተቀመጠች። ራኬብ ሚዶውን ከማንሣቷ በፊት «ሲያልቅ ፎቶ ላንሳሽ ወይስ ይቅር?» ብላ ጠየቀቻት።