ፖም ምን ይፈልጋል?

መምህርት ሰብለወርቅ ጅቡቲ ከተማ የሐበሻ ልጆችን ታስተምራለች። ከአዲስ አበባ የመጣው መጽሐፍ «ተማሪዎቹን የፖም እርሻ አስጎብኙ» ይላል። እሰይ! ግራር እንኳ ጥላ በሚለምንበት ከተማ! ርዕሰ መምህሩ ግን «መጽሐፉ ካለ አለቀ» ብለው ድርቅ አሉ። ምን ታድርግ? ልጆቹን ሰብስባ ካርቲየ ሰባት ሰፈር፣ ፍራፍሬ ሻጯ ሐዲጃ ዘንድ ወሰደቻቸው። ሐዲጃ ፖሞቹ የተደረደሩበትን ፍሪጅ ስትከፍት ልጆቹ ፊታቸውን ለቅዝቃዜው ሰጥተው አንነቃነቅም አሉ።

በማግስቱ ርዕሰ መምህሩ ክፍል ገብተው «ፖም ለማደግ ምን ይፈልጋል?» ሲሉ ጠየቁ።

«መብራት!» አለ ክፍሉ በአንድ ድምፅ። «ከጠፋ ይበሰብሳል!»

«ስህተት! ደጋ ነው የሚፈልገው!» አሉ ርዕሰ መምህሩ፣ ወንበራቸውን ወደ ቬንቲሌተሩ እየጎተቱ።

የእሳቸውስ ደጋ ሶኬት ላይ አይደል የተሰካው!