ባለ ስድስት ቴራው ካሴት

ናጃህ ሰርግ የሚለካው በጊጋ ነው። ሌላው ሰው ድግሱን በታረደው ሰንጋና በሙሽራዋ ቀሚስ ሲያወራ፣ እሱ «የእነ እንትና ሰርግ መቶ ጊጋ ሞላ» ይላል፤ ከዚህ በላይ ምን እንድላችሁ ትፈልጋላችሁ በሚል ፊት። ቡታጅራ መናኸሪያው አጠገብ ያለችው ስቱዲዮው ጠባብ ናት፤ ሙሽራ ግን አጥታ አታውቅም። ሙስሊሙ ሲጾም ክርስቲያኑ ያገባል፣ ክርስቲያኑ ሲጾም ሙስሊሙ ያገባል፤ ናጃህም ካሜራውን አንግቶ ከአንዱ ዳስ ወደ ሌላው ይሮጣል።

አንድ አመል አለበት። የከተማው ቪዲዮ አንሺ ሁሉ ሥራውን ካስረከበ በኋላ ዋናውን ቀረጻ ያጠፋና ቦታውን ለሚቀጥለው ሙሽራ ያደርገዋል። ናጃህ አያጠፋም። «ሰው ትዳሩን ሊያፈርስ ይችላል፣ እኔ ግን ሰርጉን አላፈርስም» ይላል። ጥሩ አባባል ናት፤ ጥሩ መሆኗን ስለሚያውቅም ሰሚ ባገኘ ቁጥር ይላታል።

እንዲህ እያለ ሃርድ ዲስኩ መደርደሪያውን ሞላው። ከዲስኮቹ አንዱ ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅ ማሰማት ሲጀምር ግን ናጃህ ፍርሃት ገባው። የአክስቱ ልጅ ራምዚ ኮምፒውተር ጠጋኝ ነው፤ ትልልቅ መሥሪያ ቤቶች መረጃቸውን የሚያኖሩት በካሴት እንደሆነ የነገረው እሱ ነው፤ እንደ ድሮው የፊልም ካሴት ውስጡ ሪባን ያለው፣ ተቀድቶ መሳቢያ ውስጥ ለዓመታት የሚቀመጥ። ናጃህ ከመርካቶ ያገለገለ መቅጃ ማሽንና አንድ ካሴት ይዞ ተመለሰ። ካሴቱ ላይ በትልቁ ስድስት ነጥብ ሁለት አምስት ቴራ የሚል ተጽፎበታል። ሻጩም «ስድስት ቴራ፣ ስድስት ሺህ ጊጋ ማለት ነው፣ ይውጣል፣ አታስብ» ብሎታል። ከሥሩ በደቃቅ ፊደል ሌላ ቁጥር ነበረ፤ ናጃህ ደግሞ ደቃቅ ፊደል የሚያነብ ሰው አይደለም። የዲስኮቹ ሁሉ ድምር ከአምስት ቴራ እምብዛም አይበልጥም። ለካው፣ በቃው፣ ልቡም አረፈ።

ቅጂውን በጠዋት ጀመረ። ማሽኑ ቀኑን ሙሉ ሲያጉረመርም ዋለና የዐስር ሶላት ሰግዶ ሲመለስ ካሴቱን ተፍቶት አገኘው። እዚህ ላይ ነው ነገሩ የተበላሸው። ናጃህ ሥራውን የተማረው ድሮ፣ በፊልም ካሴት ጊዜ ነው፤ ያኔ ማጫወቻው ካሴቱን ተፋው ማለት አለቀ ማለት ነበር። ስክሪኑ ላይ በእንግሊዝኛ የሆነ ነገር ተጽፏል፤ ቀጣዩን ካሴት አስገባ የሚል መሰለው። ሥራ ወዳድ ማሽን ነው ብሎ በሆዱ ሳቀና «ሌላ የለም፣ ጨርሰናል» ብሎ ዘጋው። ካሴቱን በጨርቅ ጠቅልሎ መሳቢያ ውስጥ ቆለፈበት። ከዚያ ዲስኮቹን አንድ በአንድ አጠፋ። የጥር ሙሽሮች በር ላይ ነበሩ፤ ንጹሕ ቦታ ያስፈልገው ነበር።

ከጠፉት ሰርጎች የመጨረሻው ተረፈ የሚባል ሙሽራ ሰርግ ነው።

ተረፈ የወይዘሮ ወርቅውሃ ልጅ ነበር። ከእሱ በፊት የወለዷቸው ሁለቱ በጨቅላነታቸው ስለሞቱባቸው ነው ይህን ስም ያወጡለት። ዝምተኛ ሰው ነበር፤ በሰርጉ ቀን እንኳ የሚዜዎቹን ያህል አልዘፈነም። ሙሽራውን ይዘው ሲወጡ እንደ ወጉ ተንበርክኮ የእናቱን ጉልበት ሳመ፤ ቀና ሲልም አንገታቸው ሥር ገብቶ አንድ ነገር ተናገረ። ከበሮው፣ እልልታው፣ የመኪናው ጥሩምባ አንድ ላይ ሆነና ወይዘሮ ወርቅውሃ አልሰሙትም። ማታ እጠይቀዋለሁ አሉ። ማታ እንግዳ ነበረ፤ ከዚያ በኋላ መጠየቁ ደግሞ አሳፈራቸው። ልጅ እንደሆነ አለ፣ የት ይሄዳል ብለው ተዉት። ዓመቱ ሳይደርስ የአዲስ አበባ መንገድ ላይ መኪና ተገልብጦ ሞተ።

ናጃህ ለለቅሶ የመጣ ቀን፣ እናትየው ይህንኑ ነገር እያነሡ ሲያለቅሱ ሰማቸው። ለቤተሰቡ በተሰጠው ሲዲ ላይ ጉልበት ሲሳም የሚሰማው ዘፈን ነው፤ ናጃህ ራሱ ነው የደረበበት፣ ሁሉም ሰርግ ላይ እንደሚያደርገው። ዋናው ቀረጻ ላይ ግን የሙሽራው ደረት ላይ የተሰካች ማይክ ነበረች። ጎንበስ ብሎ «እትዬ ወርቅውሃ፣ ተረፈ ያለዎት በማይኩ ገብቷል፤ እኔ ዘንድ አለ፣ አወጣልዎታለሁ» አላቸው። ሴትዮዋ ለቅሷቸውን አቋርጠው እጁን ሳሙት። እጁን ማንም ስሞት አያውቅም።

በማግስቱ ካሴቱን ማሽኑ ውስጥ ከተተው። የመጀመሪያዎቹ ዓመታት ሰርጎች መጡ፤ ሽማግሌ የሆኑ ሙሽሮች፣ የተፋቱ ሙሽሮች፣ ሁሉም በየተራቸው። ከመሃል ላይ፣ ሚዜዎቹ ከመኪና ሲወርዱ፣ የአንዱ ሰርግ ተቆረጠ። ከዚያ ወዲያ ባዶ ነው። ወደ ኋላ መለሰው፣ እንደገና አስነሣው፣ የሬዲዮ ባትሪ እንደደከመበት ሰው ማሽኑን መታ መታ አደረገው። ያው ነው።

ራምዚ ተጠርቶ መጣ። ካሴቱን አገላብጦ አየና ደቃቁን ቁጥር በጥፍሩ ነካው።

«ልኩ እኮ ይሄ ነው፤ ሁለት ተኩል ቴራ» አለ። «ትልቁ ቁጥር መረጃው ታጭቆ ሲገባ ነው። ጽሑፍ፣ ሒሳብ፣ እንዲህ ያለው ነገር ይታጨቃል። ቪዲዮን ግን ካሜራው ራሱ አጭቆት ነው የሚያወጣው፤ ከዚያ በኋላ አይታጨቅልህም። ሞልቶ ነው የተፋው። ሌላ ካሴት ሲለምንህ ነበር።»

ናጃህ የበርበሬ ነጋዴ ልጅ ነው። ዛላ በርበሬ ጆንያ ላይ ወጥተው ሲረግጡ እያየ ያደገ ነው፤ ሲረገጥ ጆንያው ያንኑ ያህል መልሶ ይቀበላል። የተፈጨውን ግን በሀገር ላይ የሚረግጥ የለም፤ ዱቄቱ ልኩን ይዞ ነው የሚቀመጠው። ይህን በልጅነቱ ያውቀዋል። ሻጩን አምኖ ግን የሚረገጠውን ዛላ ልክ ለዱቄት ለካበት። ራምዚ ከጠፉት ዲስኮች የሚተርፍ ነገር ካለ ብሎ ሞከረ፤ የጥር ሰርጎች ከላይ ተጽፈውባቸዋል። የሌላ ሰው እልልታ ብቻ ነው የወጣው።

ከዚያ በኋላ ያለውን ቀን ናጃህ እንዴት እንዳሳለፈው ባይነገር ይሻላል። ወይዘሮ ወርቅውሃ በስቱዲዮው በር ሲያልፉ አንገታቸውን ሰገግ አድርገው «ሥራ በዝቶብሃል መሰል፣ አላስቸኩልህም» ይሉት ነበር። እሱም «ኢንሻአላህ» ይላል። ባለቀ ነገር ላይ የፈጣሪን ስም እየጠራ መዋሸቱ ያቃጥለው ጀመር። በመጨረሻ ራሱ ቤታቸው ሄደ።

ወይዘሮ ወርቅውሃ የክት ነጠላቸውን ለብሰው ተቀበሉት፤ ይዞላቸው የመጣ መስሏቸዋል። ቆሞ ነገራቸው። የካሴቱን ልክ፣ ደቃቁን ቁጥር፣ ሁሉንም ዘረዘረ፤ እሳቸው የያዙት ግን አንዱን ብቻ ነው።

«ተረፈ አልተረፈም በለኛ» አሉ።

«አልተረፈም፣ እትዬ።»

ቁጣ ቢሆን ይሻለው ነበር፤ ለመሰደብ ተዘጋጅቶ ነው የመጣው። እሳቸው ግን ከጎናቸው እንዲቀመጥ በእጃቸው መደቡን ጠረግ ጠረግ አደረጉለት።

«አንተ ግን ጆሮህ ላይ ማዳመጫ አድርገህ ነበር፤ አይቼሃለሁ» አሉ። «ሰምተሃል። ምን አለኝ?»

በእርግጥም ሰምቷል። በዚህ ዓለም ላይ ያንን ቃል የሰማ ሌላ ሰው የለም። ናጃህ አእምሮውን በረበረው፤ ያገኘው የድምፅ መለኪያው አረንጓዴ ላይ እንደነበረና ወደ ቀዩ እንዳላለፈ ብቻ ነው። ድምፁ ጥርት ብሎ ገብቶ ነበር። ቃሉን አልያዘውም፤ ካሜራው ይይዘዋል ብሎ የተወው ሥራ ነው። ፊታቸውን ሲያየው ግን አላስታውስም ማለት አቃተው።

«‹እማዬ፣ አንቺ ባትኖሪ እዚህ አልደርስም ነበር› ነው ያለው» አላቸው። «‹ዕድሜሽን ያርዝመው› አለ።»

ወይዘሮ ወርቅውሃ መሬት መሬቱን እያዩ አዳመጡት።

«ተረፈ እማዬ ብሎኝ አያውቅም» አሉ ቀስ ብለው። «ከሕፃንነቱ ጀምሮ ወርቄ ነበር የሚለኝ።»

ናጃህ አንገቱን ደፋ። ይቅርታ ሊል አፉን ሲከፍት ክንዱን ያዙት።

«ግድ የለም» አሉ። «እስቲ እንደገና በለው።»