የደለሉ በቆሎ

በዚያ የሰኔ ማለቂያ ቀን ደጋው ላይ ከረፋዱ ጀምሮ በረዶ የቀላቀለ ዝናብ ወረደ። ታች፣ ከደሃና ገደል ሥር ካለው ግድብ ዘንድ፣ ጠብታ አልነበረም፤ ፀሐይዋ ዐለቱን ታቃጥለው ነበር። የግድቡ ጠባቂ ምንዋጋው ግን የወንዙ ድምፅ ሲወፍር ሰማና ከኃይል ማመንጫው ደጃፍ ተነሣ። ጎርፉ ቀይ ሆኖ መጣ።

የዓመቱ የመጀመሪያ ጎርፍ አይያዝም። ይህን ያስተማረው አባቱ ነው። ግድቡ በንጉሡ ዘመን ማለቂያ ሲሠራ አባቱ ድንጋይ ጠርቧል፤ ተርባይኑ ተፈታትቶ ከመኪናው መንገድ በዐሥራ ስድስት ሰው ትከሻ ሲመጣም ከተሸካሚዎቹ አንዱ ነበር። ግድቡ ውኃውን ያቁራል፣ ውኃው በቧንቧ ቁልቁል ተምዘግዝጎ ተርባይኑን ይመታል፣ ተርባይኑ መብራት የሚያመነጨውን ዲናሞ ያዞራል። ጠላቱ ደለል ነው። ስለዚህ ከግድቡ ሥር አንድ የብረት በር አለ፤ ክረምት እንደገባ በመዘውር ይከፈትና ጎርፉ የከረመውን ደለል ጠራርጎ ይዞት ይወጣል።

ምንዋጋው አባቱ ከሞተ ወዲህ በየዓመቱ ይህን ሲያደርግ ኖሯል። ዋናው የመብራት መስመር መጥቶ ማመንጫው ሥራ ሲፈታ እንኳ አልተወም። ሚስቱ ሞታለች፤ ሁለቱ ልጆቹ በጅቡቲ አድርገው ሳውዲ ገብተዋል። ተርባይኑን ግራሶ ሲቀባ፣ ከሰው ጋር ሳይነጋገር ሳምንት ይሞላዋል።

ያን ቀን ግን መዘውሩን ይዞ ቆመ።

ማንጠግቦሽ የምትባል ባሏ የሞተባት የማዶ መንደር ሴት፣ ግድቡ ዳር በተከማቸው ደለል ላይ በቆሎ ልዝራ ብላ በመጋቢት ለምናው ነበር። እሺ አላት። ከዚያ ወዲህ በየቀኑ እየመጣች ትኮተኩታለች፣ ታወራለች። እሱ ብረቱን ሲወለውል በሩ ላይ ቆማ፣ “ለዚህ ብረት የሚቀቡትን ቅባት ለእኔ ጠጉር ቢያደርጉልኝ ሙሽራ በመሰልሁ” ትለዋለች። መሳቅን ረስቶት ነበር።

በቆሎው ሊደርስ ዐሥር ቀን ይቀረዋል። በሩ ከተከፈተ ደለሉ ከሥር እየተናደ እርሻዋን ይዞት ይሄዳል። እርሻው ከሄደ እሷም አትመጣም።

መዘውሩን ለቀቀው። ለዘንድሮ ብቻ ነው አለ በልቡ። በዓመቱም እንዲሁ አለ። በሦስተኛውም።

ከዚያ ጦርነቱ መጣና ዋናው መስመር ተቋረጠ። የጤና ኬላው ማቀዝቀዣ ቆመ፤ የሕፃናቱ ክትባት በበረዶ ሳጥን ጥቂት ቀን ብቻ ይቆያል። ብዙነህ የሚባል መካኒክ አሮጌውን ማመንጫ ሊያስነሣ፣ ተርባይኑን ከዲናሞው የሚያያይዝ አዲስ ቺንጋ ተሸክሞ ከሰቆጣ በእግሩ መጣ። ተርባይኑን በእጁ ቢገፋው እንደ ትናንት ዞረ። ተገርሞ የምንዋጋውን ትከሻ መታ መታ አደረገ። ምንዋጋው እንደዚያች ሰዓት ደስ ብሎት አያውቅም።

ቧንቧው ግን ውኃ አልሰጥ አለ። ደለሉ አፉን ውጦታል። በሩን ለመክፈት አራት ሰው መዘውሩ ላይ ቢንጠለጠል ንቅንቅ አላለም። ሃያ ሰው አራት ቀን ቆፈረ፤ ያወጡት ጭቃ ሲያድር ተመልሶ ይሞላል። በአምስተኛው ቀን ክትባቱ ተበላሽቶ ተጣለ።

ሰዉ ወንዙን እያማረረ አካፋውን ሰበሰበ። ብዙነህም ቺንጋውን እየጠቀለለ፣ “አባቴ፣ ግድቡ አርጅቷል። እርስዎ የሚችሉትን አድርገዋል” አለው።

ዝም ቢል ያልፍ ነበር።

“አላረጀም” አለ ምንዋጋው። “ሦስት ዓመት በሩን አልከፈትሁትም። በቆሎው እንዳይሄድ ብዬ።”

ማንጠግቦሽ እስከ ጉልበቷ ጭቃ ሆና ከቆፋሪዎቹ መካከል ቆማ ነበር። ሁሉም ወደ እሷ ዞረ።

“ለምን አልነገሩኝም?” አለችው። “ነግረውኝ ቢሆን እተወው ነበር።”

“ብትተዪው ትመጪ ነበር?”

እግሯን ታጥባ ወደ ማዶ ተሻገረች።

የሰደበው ሰው የለም። የመከረውም፣ ደህና አደርህ ያለውም የለም። በተከታዩ መጋቢት ደለሉ ላይ የዘራ አልነበረም፤ ማንጠግቦሽ ገበያ ስትሄድ ግድቡን ዞራ በላይኛው መንገድ ታልፋለች። ምንዋጋው አንድ ክረምት ብቻውን ከርሞ የማመንጫውን ቁልፍ ለቀበሌው አስረከበ።

አሁን ሰቆጣ ነው፤ አብዱልፈታሕ በሚባል ነጋዴ ወፍጮ ቤት በር ጠባቂ ሆኖ ይሠራል።