ቀዩ ቅርጫት የዘገየባቸው ጠዋቶች

ይህ የደረሰብኝ ባለፈው ዓመት ጥር ወር ላይ ነው። እግሬ ድኗል፤ ሆዴ ግን እስከ ዛሬ አልሻረም። እስካሁን ለሰው ሁሉ የማወራው ግማሹን ብቻ ነው። የቀረው ግማሽ ቢወጣ ሁለት ሰው ከሥራ ያስባርራል፤ ከሁለቱ አንዷ ደግሞ እኔ ነኝ። ስለዚህ ስሞቹን ቀይሬ ሙሉውን ልጻፈውና ይውጣልኝ ብዬ ተነሳሁ።

የምሠራው አትላንታ፣ ቡፎርድ ሃይዌይ ላይ ባለ አንድ ትልቅ ሱቅ ውስጥ ነው። ከወተት እስከ መጥረጊያ የማይሸጥበት ነገር የለም። ሺፍት ሊደር ነኝ። ቁልፍና የአላርም ኮድ የተሰጠኝ፣ ስከፍትም ስዘጋም ወረቀት ላይ የምፈርም ሰው ነኝ ማለት ነው። ዘጠኝ ዓመት ሆኖኛል።

ሱቃችንን ብቻውን የሚከፍት ሰው የለም፤ ሕጉ ሁለት ሰው ይላል። ሺፍት ሊደሩ ይገባና በሩን ከውስጥ ይቆልፋል። አላርሙን ያጠፋል። ከዚያ ሽንት ቤቱን፣ መጋዘኑን፣ የወተት ማቀዝቀዣ ክፍሉንና የኋላውን በር ዞሮ ያያል፤ ተደብቆ ያደረ ሌባ ሊኖር ይችላል ተብሎ ነው። ሁሉም ደህና ከሆነ አንድ ቀይ የዕቃ መያዣ ቅርጫት አንደኛው ካሽ ሬጅስተር ላይ ያስቀምጣል። ውጭ የቆመው ሰው ቅርጫቱን በመስታወቱ ሲያይ ይከፈትለትና ይገባል። አሥር ደቂቃ ሞልቶ ቅርጫቱ ካልታየ ግን ማንኳኳት የለም፤ ከበሩ ራቅ ብሎ ፖሊስ መጥራት ነው። እኔ ሁሉን ዞሬ ቅርጫቱን የማስቀምጠው በስድስት ደቂቃ ነበር።

ጌትነትን እዚያ ሱቅ ያስገባሁት እኔ ነኝ። የቤተ ክርስቲያናችን ሰው ነው። ሥራ አጥቶ ሲንከራተት አይቼ ማመልከቻውን በራሴ ስልክ ሞላሁለት፣ ለማናጀራችን ለሚስ ዳርሊን ለመንኩለት፣ ካሽ ሬጅስተሩንም ቆሜ አስተማርኩት። ስሜ ሮማን ነው፤ ያኔ ሮሚዬ ነበር የሚለኝ።

አንድ ጠዋት የመክፈቻ ጓደኛዬ እሱ ሆኖ ሳለ በሰዓቱ ሳይደርስ ቀረ። መኪናቸው አንድ ናት፤ ሚስቱ ዳውንታውን ወደ ሥራዋ ስትሄድ እሱን እኛ ጋ ጥላው ነው የምታልፈው። ያን ቀን መኪናዋ አልነሳ አለች። ቀደም ሲል ሁለት ጊዜ ዘግይቶ ስለተመዘገበበት ሦስተኛው መባረሪያው ነበር። ስለዚህ ብቻዬን ገብቼ ከፈትኩ፤ በወረቀቱ ላይ የሁለተኛው ሰው ስም በሚጻፍበት ቦታም የእሱን ስም ጻፍኩለት። ከአርባ ደቂቃ በኋላ እየሮጠ ሲመጣ እጄን ሊስም ምንም አልቀረው።

ሦስት ሳምንት ሳይሞላ ረዳት ማናጀር ሊሾም ነው ተባለ። ሚስ ዳርሊን ያንቺ ነው ብላኝ ነበር። እኔን ያጓጓኝ ማዕረጉ አይደለም። ረዳት ማናጀር ሰዓቱ የቀን ስለሆነ ልጄን ትምህርት ቤት የማድረስ ዕድል ነበረው። ልጄ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ አንድም ቀን አድርሻት አላውቅም፤ ሁልጊዜ ከምንኖርበት ከሊልበርን የምወጣው እሷ ሳትነቃ ነው።

ከዋናው ቢሮ የመጡ ሰዎች ግን ለእንዲህ ያለ ሹመት ብቻ የሚያዩትን የካሜራ ቅጂ ሲያዩ ብቻዬን ስገባ አገኙኝ። ጌትነትን ቢሮ ጠርተው ጠየቁት። እንዲህ አለ፦ «አርፍደህ ና ያለችኝ ራሷ ናት። ስሜን መጻፏንም አላውቅም።»

ሹመቱ ከሌላ ቅርንጫፍ ለመጣ ሰው ተሰጠ። ለእኔ የደረሰኝ የመጨረሻ ማስጠንቀቂያ ነው። ጌትነትን ፓርኪንግ ላይ ጠብቄ አገኘሁት።

«ምን አድርጌህ ነው ጌትነት?»

«ፈራሁ ሮሚዬ። ልጆች አሉኝ።»

«እኔ ያለኝ ድመት ነው?»

መሬት መሬት አየ። እኔም ወደ መኪናዬ ሄድኩ። ነገሩን የተውኩት መሰለው። እኔ ግን እያሰብኩ ነበር።

የጠዋት ሰዎችን የምመድበው እኔ ነኝ። ሚስ ዳርሊን ያንን ሥራ ከጣለችብኝ ዓመታት አልፈዋል፤ ከማስጠንቀቂያው በኋላም አልወሰደችውም። እኔም ጌትነትን በሳምንት አምስት ቀን ከራሴ ጋር መደብኩት። ሰዎች ታረቁ ብለው ደስ አላቸው።

ክረምቱ ገባ። የአትላንታ ብርድ ቀላል ነው የሚል ሰው ንጋት ላይ ፓርኪንግ ውስጥ ቆሞ አያውቅም። እሱ መኪና የለው፣ መጠለያ የለው፣ ስስ ጃኬት ለብሶ በሩ ላይ ይቆማል። እኔ ውስጥ ገብቼ ቅርጫቱን ማዘግየት ጀመርኩ። ስድስት ደቂቃ የነበረው ስምንት ሆነ፣ ቀጥሎ ዘጠኝ፣ ቀጥሎ ዘጠኝ ተኩል። አሥር አላስሞላም። ከዳቦ መደርደሪያው ጀርባ ሆኜ በእግሩ ሲዘልና እጁን ሲያሽ አየው ነበር። እሱ አያየኝም። አልዋሽም፣ ደስ ይለኝ ነበር። ቀኔ የሚያምረው በዚያ ነበር።

አንድ ጠዋት ግን ሆን ብዬ አሥር አስሞላሁ። አሥር እንደሞላ ልክ እንደ ሕጉ ከበሩ ራቀና ስልኩን ጆሮው ላይ አደረገ። ጀርባውን ሲሰጠኝ ጠብቄ ቅርጫቱን አስቀመጥኩና ወደ ኋላ ሄድኩ። ሁለት የፖሊስ መኪና መብራታቸውን እያበሩ መጡ። ምንም እንደማያውቅ ሰው በሩን ከፍቼ ምን ሆናችሁ አልኳቸው። ፖሊሱ ቅርጫቱን አየ፣ ጌትነትን አየ፣ ራሱን ነቀነቀ። ይህን ከዛሬ በፊት ለነፍስ አባቴ እንኳ አልተናገርኩም።

ሚስ ዳርሊን የጌትነትን የማስጠንቀቂያ ወረቀት እኔ እንድጽፍ አዘዘችኝ። «ምልክቱን በትክክል ሳያይ ፖሊስ ጠርቷል» ብዬ ጻፍኩ። ቢሮ አስቀምጬ ሰጠሁት። ሁለት ጊዜ አነበበው።

«ሮማን፣ ስደውል ቅርጫቱ አልነበረም።»

«ነበረ።»

«እግዜር ያያል።»

«ያያል። እዚህ ጋ ሳይን አድርግ።»

ፈረመ። ሊወጣ ሲል አንድ ነገር ጨመርኩለት። «ከእንግዲህ እኔ ራሴ ወጥቼ ሳላይህ ስልክ እንዳትነካ። ሁለተኛ ኮል ብታደርግ ተባረርክ።» እሺ አለ። ያን ቀን ማታ እንደ ሕፃን ተኛሁ።

ጥምቀት ባለፈ በሳምንቱ የመኪናዬን መስታወት በረዶ ፍቄ የሄድኩበት ጠዋት መጣ። ጌትነት ቀድሞኝ ቆሟል። ሰላምታ የለንም። ገባሁ፣ ቆለፍኩ፣ አላርሙን አጠፋሁ፤ ስልኬን እዚያው ቢሮ ጠረጴዛ ላይ ተውኩት። በአምስት ደቂቃ ሁሉንም ዞሬ ጨረስኩ። ጊዜ የሚገድል ሥራ ስፈልግ መጋዘኑ ውስጥ ጣሪያው ላይ የሚርገበገብ አምፖል አየሁ። አምፖል ማየት የመክፈቻ ዝርዝር ላይ የለም፤ የጥገና ሰው ሥራ ነው። ቢሆንም መሰላል አምጥቼ ወጣሁ።

የመሰላሉ አንድ እግር ካርቶን ላይ ቆሞ ኖሯል። ሦስተኛው ደረጃ ላይ ስደርስ ካርቶኑ ተንሸራተተ። ከእኔ በፊት እግሬ ነው ሲሚንቶው ላይ የደረሰው። ከቁርጭምጭሚቴ በላይ አጥንቴ ሲሰበር ድምፁን ሰማሁት።

መጀመሪያ አልደነገጥኩም። ሰዓቴን አየሁ፤ ስምንት ደቂቃ ሆኖኛል። ሁለት ደቂቃ ብቻ ቀረው፣ ይደውላል አልኩ። ቀጥሎ ነው ያስፈረምኩት ወረቀትና ስልክ እንዳትነካ ያልኩት ትዝ ያለኝ። 

ጮህኩ። መጋዘኑ ከፊት በሩ ሩቅ ነው። ቢሮውም ከዚያው ከፊት በኩል ነው። በክርኔ እየተጎተትኩ እስከ መጋዘኑ ተወዛዋዥ በር ድረስ ደረስኩና በጭንቅላቴ ገፋሁት። ከዚያ ወዲያ አልቻልኩም፤ እግሬን ባንቀሳቀስኩ ቁጥር ዓይኔ ይጨልማል። ሃያ ደቂቃ ሆነ። ከተኛሁበት ረጅሙ መተላለፊያ በቀጥታ ይታየኛል፤ ከመጨረሻው ላይ መስታወቱ፣ ከመስታወቱ ወዲያ ጌትነት።

ሃያ አራተኛው ደቂቃ ላይ ወደ መስታወቱ ተጠጋ። እጁን በዓይኑ ዙሪያ ጋርዶ ወደ ውስጥ አየ። መብራቱ ገና ግማሹ ነው የበራው። እጄን አነሳሁ። ስሙን ጠራሁት፤ ጌታዬ ጌቱዬ አልኩት፣ ከዚያ በፊት ብዬው የማላውቀውን። ቅርጫቱ ወደሚቀመጥበት ቦታ አየ። ሰዓቱን አየ። ከዚያ ዞሮ ጀርባውን ሰጠኝ።

አይቶኝ ይሁን ሳያየኝ አላውቅም። ያን ሰዓት ግን እርግጠኛ ነበርኩ። ሕመሙን ትቼ እሱን ረገምኩ። ከዚህ ከተነሳሁ አልምረውም እያልኩ እግሬ አብጦ ጫማዬን ሲያስጨንቀው አያለሁ። ማልቀስም አልቻልኩም፤ እንባዬን እንኳ እልህ ይዞት ነበር።

በሩን ከቆለፍኩ ሠላሳ ሰባት ደቂቃ ሲሆን ስልኩን አወጣ። የእሳት አደጋ ሰዎች መጥተው በሩን ሰብረው ገቡ።

እግሬ ውስጥ ብረት ገብቶልኝ ሊልበርን ቤቴ ስተኛ ሰው ሊጠይቀኝ ጎረፈ። ቅዳሜ ዕለት ሳሎኑ ጢም ብሏል። ጌትነት ከሚስቱ ጋር ሙዝና ጭማቂ ይዞ መጣ። ባይመጣ ሰው ይታዘበዋል፤ እኔም ባላስገባው እኔን ይታዘቡኛል። ወንበር ተለቀቀለት። የቤተ ክርስቲያናችን ትልቋ ሴት እትዬ በላይነሽ ከተቀመጡበት ተነሥተው መረቁት።

«ይኼ ልጅ ባይኖር ምን ይውጥሽ ነበር ሮማን? ተመስገን በይ። እጁን ሳሚው።»

«ኧረ እኔ ምንም አላደረግሁም እትዬ» አለ ጌትነት።

ያን ቀን ከተነገረው ሁሉ እውነት የነበረው ያ ብቻ ነው። ሰው ግን ትሕትናው ነው ብሎ ይበልጥ ወደደው። እኔም ፈገግ አልኩ። አፌን ብከፍት የቅርጫቱ ነገር ሊወጣ ነው።

ሊሄዱ ሲሉ ሊስመኝ ጎንበስ አለ። ክንዱን ያዝኩት።

«አሥር ሲሞላ አላወቅህም?» አልኩት ቀስ ብዬ።

«ሳልወጣ ስልክ አትንካ ብለሽኝ የለ? ቃልሽን አክብሬ ነው።»

«ታዲያ ኋላ ለምን ደወልክ?»

ለሦስተኛ ጊዜ ጉንጬን ሳመና መለሰልኝ። «በጣም በረደኝ።»

በሳምንቱ ከኩባንያው የአደጋ መጠየቂያ ቅጽ መጣልኝ። አንዱ ጥያቄ፣ ውጭ የነበረው ባልደረባሽ ከስንት ደቂቃ በኋላ እርዳታ ጠራ የሚል ነው። ሠላሳ ሰባት ብል በዚያው ቀን ይባረራል። እስክሪብቶውን ይዤ ብዙ ቆየሁ። ግን ለምን እንደዘገየ ሲጠይቁት ያቺን ያስፈረምኩትን ወረቀት ያወጣታል፤ እኔም የመጨረሻ ማስጠንቀቂያ ላይ ነኝ። አሥር ብዬ ጻፍኩ። የእሱንም መልስ በኋላ ሰማሁ። እሱም አሥር ብሏል።

ሦስት ወር አርፌ ስመለስ ሕይወት አድኗል ተብሎ ሺፍት ሊደር ሆኖ ጠበቀኝ። እንኳን ደስ ያለህ አልኩት። በአፌ ነው።

ይቅር አልተባባልንም። ሰው ቢያስታርቀን ምን ብለን እንናገራለን? አንዳንድ ቀን ልጄን ከእንቅልፏ ሳልቀሰቅስ በሩን ዘግቼ ስወጣ ነገሩ እንደ አዲስ ይነሳብኛል። በሌላ ቀን ደግሞ ያን ቅርጫት ያስቀመጥኩበት እጄ ትዝ ይለኛል፣ ቶሎ ብዬም እረሳዋለሁ። እሱ እኔን እንዳላየኝ የሚምልልኝ ሰው ቢመጣ እንኳ የማምን አይመስለኝም።

አሁን ሰኞና ሐሙስ ሱቁን የሚከፍተው እሱ ነው። በእነዚያ ቀናት ሁለተኛዋ ሰው እኔ ስለሆንኩ ቁልፉን ይዞ ሲገባ እኔ ውጭ እቆማለሁ። ስልኬን ኪሴ ውስጥ አድርጌ ሰዓቴን አያለሁ። ለእኔ ስድስት ደቂቃ ይፈጅ የነበረውን ዙር እሱ በአራት ይጨርሰዋል፤ በመስታወቱ ሳየው ከክፍል ክፍል ይሮጣል። ሚስ ዳርሊን ቀልጣፋ ነው ትላለች። ውስጥ ቢወድቅ ስልክ የምደውለው እኔ ነኝ፤ ለምን እንደሚሮጥ እሱና እኔ እናውቃለን።